አምሮት ነው ያልኳት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ የሰማው ሰው የለም። እህቶቼም፣ ጎረቤትም፣ ሌላውን ሁሉ የማልደብቃት ጓደኛዬም አልሰሙትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። እናቴን አስርቤያታለሁ። አብነት ሰፈር፣ ጤፉም ዱቄቱም በሞላበት ቤት፣ እናቴን አስርቤያታለሁ።

በዚያን ጊዜ በጣም ወፍራም ነበርኩ። ተክለ ሃይማኖት የመጋረጃ ጨርቅ የምሸጥበት ሱቅ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ስልክ የማወራ እመስል ነበር፣ ማረፌን እንዳያዩብኝ። ስኳሬም አስቸገረ። ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አስቀነስኩ። ለሰው የሐሞት ጠጠር ነው አልኩ፤ እውነቱን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። «አላህ የሰጠሽን ሆድ?» አለችኝ። ሆስፒታል ስገባ ግን ዱዓ አድርጋ የሸኘችኝ እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ረሃብ የሚባለው ነገር ጠፋብኝ። መራብ ተውኩ ማለቴ አይደለም፤ የትኛው ረሃብ እንደሆነ መለየት አቃተኝ ማለቴ ነው። ሆዴ ይጮሃል፣ እቀምሳለሁ፣ ገና ከመጀመሬ አፍንጫዬ ውሃ ያወርዳል፣ ስቅታ ይይዘኛል፤ ለካ ጠግቤ ነበር። ሌላ ቀን ምንም ሳይሰማኝ ውዬ፣ ደንበኛ ፊት ጨርቅ ስለካ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፤ ለካ ርቦኝ ነበር። ጥሙም፣ ቃሩም፣ ብስጭቱም ሁሉም በአንድ በር ነው የሚመጣው።

የምግብ ባለሙያዋ አንድ ዘዴ አስተማረችኝ። የራበሽ ሲመስልሽ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ ከዚያ ረሃብ ነው ወይስ አምሮት ብለሽ ራስሽን ጠይቂ አለችኝ። ለእኔ ልክ ነበር። ውሃው ሲወርድ አብዛኛው ረሃቤ አብሮት ይወርዳል። አምሮት ነበር ማለት ነው። ቃሏን ወደድኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ያሸነፍኩት መሰለኝ።

እናቴን ስትሮክ የመታት በዚያው ዓመት ነው። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አፏም ትንሽ ዞረ፤ አእምሮዋ ግን ደህና ነበር። ሠራተኛችን አግብታ ሄዳ ነበር፤ ሌላ አልቀጠርኩም። ለማይበላ ሰው ምን ሠራተኛ ያስፈልጋል አልኩ። ለማይበላ ሰው! እናቴ ቤት ውስጥ እንዳለች ረስቼ ነው? ጠዋትና ማታ እያጠብኳት፣ እያገላበጥኳት፣ እንዴት እረሳታለሁ?

የማበላት በእኔ ሳህን ነበር፤ ሐኪም ቤት ልመጂው ባሉኝ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ በምታክለው። ጠዋት ከፍርፍሩ በማንኪያ አጎርሳትና ውሃ አጠገቧ አድርጌ ሱቅ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ «ራበኝ» ትለኛለች። ውሃ እቀዳለሁ። «እማ፣ እሱ ረሃብ አይደለም፣ አምሮት ነው። ጠጪና ትንሽ ጠብቂ» እላታለሁ። «እሺ ልጄ» ትላለች፤ ትጠጣለች። ስትጠብቅ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔም ይኸው አለፈላት እላለሁ።

እናቴ ወሎ ነው ያደገችው። የረሃቡን ዘመን በእግሯ አቋርጣ አዲስ አበባ የገባች ሴት ናት። ለእሷ ነው ረሃብን ያስተማርኩት? አዎ፣ ለእሷ ነው። አንድም ቀን አልተከራከረችኝም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ እኔ ግን ጠግቤም አልነበረም። ጥጋቤንም ረሃቤንም የማላውቅ ግዑዝ ነገር ሆኜ ነበር። ሳጥባት ክንዷ መቅጠኑን አይቻለሁ። በሽታው ነው አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ መቅጠን ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ቂም ይዞ እንዳይጾም፣ በእኛ ልማድ ሰው ሁሉ አፉ በሉኝ ይባባላል። እናቴም በደህና እጇ እጄን ያዘችና «አፉ በይኝ ልጄ፣ ሁልጊዜ ራበኝ እያልኩ አስቸገርኩሽ» አለችኝ። «አፉ ብያለሁ እማ» አልኳት። ስለራባት ይቅር አልኳት! ተራው የእኔ ነበር። መልሼ አንቺም አፉ በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ምን በድያት ብዬ ነው?

ጾሙ እንደገባ ሰሞን፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ሰሚራ በመግሪብ ሰዓት ሾርባ ይዛ መጣች። እናቴ በበሽታዋ፣ እኔ በሐኪም ትእዛዝ አንጾምም ነበር፤ እሷ ግን ረመዳን ያለ ሾርባ አይሆንም ብላ ነው። ማንኪያ እስካመጣ እናቴ ሳህኑን በአንድ እጇ አንስታ አፏ ላይ ደፋችው። ሾርባው በዞረው አፏ በኩል አንገቷ ላይ ይፈሳል፤ የፈሰሰውን በጣቷ እየጠረገች ትልሳለች። ሰሚራ ቆማ አየቻት። ከዚያ ክንዷን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዘሀራ፣ እማማ ሐዋ እኮ ርቧቸዋል» አለችኝ።

እኔም እዚያው ቆሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ «አምሮት ነው» አልኳት።

እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች። «አዎ የኔ ልጅ፣ አምሮት ነው» አለቻት ለሰሚራ። «እሷ በደንብ ታበላኛለች።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ እየራባት፣ ለእኔ ብላ ረሃቧን ካደችው። አለቀስኩ ብላችሁ አትጠብቁ፤ አላለቀስኩም። ሆዴ ብቻ ጮኸ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ውሃ ቀድቼ ጠጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትልቅ ሳህን አበላኋት። ደስ ብሏት ትበላ ነበር፤ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ዒድን አብረን ዋልን። ከዒድ በኋላ ብዙ አልቆየችም፣ ስትሮኩ ተመልሶ መታት። ሐኪሙ በአንቺ ምክንያት ነው አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ለቅሶ ላይ ሴቱ ሁሉ እናቷን እንደ ሕፃን ያስታመመች እያለ መረቀኝ። አሚን አልኩ። ሰሚራ ብቻ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ቀዶ ሕክምናው ነው አልልም። ባለሙያዋም አይደለችም፤ እሷ የነገረችኝ ስለ እኔ ሆድ ነው። ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። «እሺ ልጄ» ስትለኝ ደስ ያለኝም እኔ ነኝ። ዛሬ ረሃቤን እለያለሁ፤ ዓመታት ፈጅቶ ተመልሷል። ሲመጣ ሌላ ነገር አይመስለኝም፤ እሷ እንዴት እንደቻለችው ነው የማስበው።

አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፣ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለ አይታለፍም ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የሐቁ ባለቤት እናቴ ደግሞ የለችም። በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ሰፈሩን እየዞርኩ ላስቀየምኩትም ላላስቀየምኩትም አፉ በሉኝ እላለሁ። ሁሉም አፉ ብለናል ይለኛል። እናንተን ግን አፉ በሉኝ አልላችሁም። የራባችሁ እናንተ አይደላችሁም።