የሻጫችንን ዕድሜ ያርዝምልን

ሰው ቤት ሲገዛ ውሃ ይመጣል ወይ፣ መብራት ይጠፋል ወይ፣ ታክሲ ቅርብ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከገዛሁ በኋላ ስጠይቅ የኖርኩት የሻጯን የደም ግፊት ነው።

ካዛንቺስ ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ለልማት እንደሚፈርስ ሲነገር፣ ለባለቤቶቹ ምትክ ተሰጣቸው። ለእኛ ለተከራዮቹ ግን ለማኝ እንደሚሸኝበት "እግዜር ይስጣችሁ" ብቻ ሆነ። እኔ ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ ተምሬ፣ እዚያው ካዛንቺስ ቢሮ የገባሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው። ኳስ የሚያይበት፣ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት የሚልበት፣ ቅዳሜ ሙዚቃ የሚሰማበት ሁሉ ከበራችን ሁለት እርምጃ ነበር። ስለዚህ "አቅማችሁ የሚችለው ቤት ያለው ከተማው ጫፍ ነው" ሲሉን፣ እኔ ውሃውን ሳስብ እሱ መዝናኛውን አሰበ።

ደላላው ይህን በአንድ እይታ አወቀ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይዞን ሄዶ፣ ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ብሎኩን አስዞረን።

"ይዩት ወንድሜ፣ ይሄ ፑል ነው፣ ያ ጆተኒ። ማዶ ሥጋ ቤቱ፣ ቅዳሜና እሁድ ላይቭ ባንድ አለው። የልጆች መጫወቻ ካሉኝ ከጀርባ። በቃ፣ ምን ልበልዎት፣ ካዛንቺስን በገልባጭ ጭነው እዚህ የደፉት ነው የሚመስለው!"

ባለቤቴ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ቤቱ እንደተገዛ ገባኝ።

ሻጯ ላንቻ፣ ከብዙ ሰው ጋር በሚጋሩት ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ በዕጣ ደርሷቸው፣ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ሲሰሙ "ይሄ ለእርግብ ነው እንጂ ለጉልበቴ አይደለም" ብለው ለመሸጥ ቆረጡ።

በዕጣ የወጣ ቤት ግን የተወሰኑ ዓመታት ካላለፉ ስሙ ወደ ገዢ አይዛወርም። ሕዝቡ መቼም መላ አያጣም። ሻጭና ገዢ ውል ይጻጻፋሉ፣ ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፣ ገዢውም ጊዜው እስኪደርስ በሰው ስም በተመዘገበ ቤት ይኖራል። ጣጣው፣ ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ለዚህ ነው ብልጦቹ ኑዛዜ የሚጨምሩበት። ሻጩ "ስሞት ይህ ቤቴ ለእገሌ ይሁን" ብሎ ይናዘዛል፤ ሞት ከቀደመ ገዢው ወራሽ ሆኖ ይቀርባል። እኛም ብልጥ ነን ብለን ነበር። እማማ ውሉንም ውክልናውንም ሳያንገራግሩ ፈረሙ። ኑዛዜ ሲባሉ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኑዛዜ ታይፕ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አስጽፎ የሰነበተ ሰው አላየሁም።"

"እማማ፣ ማለቴ፣ ሰዎቹ እኮ የሚያስጽፉት ሊሞቱ ሲሉ ነው" አለ ባለቤቴ።

"እኔስ ምን አልኩ? እንደሱ ነው ያልኩት። አልጽፍም።"

ያለ የሌለ ጥሪታችንን ከፍለን ጨርሰናል። ግቢያችን ቀን ተቆርጦለታል። ዕቃችንን ጭነን ገባን።

በገባን በሳምንቱ ደላላው ደወለ። እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ ሊል መስሎኝ ነበር። "የወንድማቸው ልጆች እንዳሉ ያውቃሉ አይደል እህቴ? ሽያጩን አልሰሙም። እንግዲህ በቃ፣ ለሴትዮዋ ዕድሜ ይስጣቸው ነው" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳሎኑ መሀል ቆምኩ። ሚስማር ልመታ መዶሻ ይዤ ነበር። መዶሻውን መልሼ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያም ያ ግድግዳ አንድ ሚስማር ሳይመታበት ከረመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አይቻቸው የማላውቃቸውን የወንድም ልጆች ያኔ ጠላኋቸው።

መዝናኛው ደላላው እንዳለው ነበር፤ በዚህስ አልዋሸም። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ፎቅ ሳይወጣ ነበር ኳስ ቤት የሚገባው። እኔ ከላይ ሆኜ ሕዝቡ "ጎል!" ብሎ በጮኸ ቁጥር ልቤ ከቦታዋ ትነቀላለች። አንድ ሰው ሞቶ የተጮኸ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው ስል ደግሞ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ባለቤቴ "አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛዋን አሮጊት በምናብሽ ስንት ጊዜ ልትቀብሪያት ነው?" ይለኛል። እሱ መፍራቱን ለእኔ ሰጥቶ ራሱ ነጻ ወጥቷል።

ከሥራ ስመለስ መንገዴ በላንቻ ነውና መውረድ ጀመርኩ። ብርቱካን እይዛለሁ፣ ወተት እይዛለሁ። ገና በር ላይ ሆኜ ፊታቸውን አያለሁ፤ ቀልቷል? ገርጥቷል? ኪኒናቸውን ውጠው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀስ በቀስ ድስታቸው ውስጥም ገባሁ። አንድ ቀን ሽሮ ቀምሼ ጨው በዝቷል ብዬ ውሃ ስጨምርበት እማማ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቁኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ቤቴን ሸጥኩልሽ እንጂ ጨዌን አልሸጥኩልሽም!"

ሳቅን። እኔ የሳቅኩት ከጥርሴ ነበር። ሲስሉ እየሰማሁ፣ የሳሉት ከጉሮሮ ነው ወይስ ከደረት እያልኩ ነበር የማስበው። እሳቸውም ሞኝ አይደሉም። ስወጣ በር ድረስ ሸኝተውኝ "ዛሬም አልሞትኩም፣ ለባልሽ ንገሪው" ይሉኛል። አነጋገራቸው የቀልድ ነው፤ ዓይናቸው ግን አይቀልድም ነበር።

አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስደውል አላነሱም። ቢሮ ተቀምጬ ሥራው አልታይ አለኝ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ታክሲው ውስጥ እግዜርን ስለማመጥ ነበር፤ ምን ብዬ እንደለመንኩ ባላስታውስ ደስ ይለኛል። ላንቻ ወርጄ ወደ ግቢያቸው የሚያስገባውን ቅያስ ስታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። ሰማያዊ ድንኳን፣ ደጃፋቸው ላይ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

ጮህኩ። "እናቴን! እናቴን! ጉድ ሆንኩ!" እያልኩ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። ሴቶቹ ተነስተው ያዙኝ፣ አብረውኝ አለቀሱ፣ ከገጠር የመጣች ዘመድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል በአእምሮዬ ሳሎኔ ነበር የሚታየኝ። ሶፋችን ደረጃ ላይ ወጥቶ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቁልፍ ሲቀይሩ። ከዚያ ደግሞ እማማ ማማሰያውን ይዘው። ሁለቱ እየተፈራረቁ መጡብኝ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

ቀና ስል እማማ ናቸው። የንፍሮ ሰፌድ ይዘው ከድንኳኑ ጥግ ቆመዋል። የሞቱት አጠገባቸው ያለው ክፍል ነዋሪ፣ ሽማግሌው ጎረቤታቸው ነበሩ። እማማ ስልካቸውን ቤት ጥለው ከንጋት ጀምሮ እዚያው ሲያስተናግዱ ውለዋል።

እኔ ምን አደረግኩ? ተንበርክኬ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!" አልኩ። ሰው ቤት ለቅሶ ላይ! የሟቹ ባለቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ያዩኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳውም።

እማማ ሰፌዱን ለአንዷ ሰጥተው ክንዴን ያዙኝና ክፍላቸው አስገቡኝ። በሩን ዘጉ። አልተቀመጡም።

"ጎረቤቴ ዛሬ ተቀብሮ፣ አንቺ ለቅሶው ላይ ተመስገን ትያለሽ?"

"ይቅርታ እማማ። የሞቱት እርስዎ መስለውኝ ነው።"

"እውነቱን ንገሪኝ። ተመስገን ያልሽው ለቤቱ ነው ወይስ ለእኔ?"

መዋሸት አማረኝ። ለእርስዎ ነው ማለት ቀላል ነበር። ዓይናቸውን ሳየው ግን ፈራሁ።

"እኔ እንጃ እማማ። ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።"

አሁን ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። ውክልናውንም ያነሱታል፣ በቃ አለቀልን አልኩ። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ለምንም ይሁን ለምን" አሉ፣ "እኔ በሕይወት በመኖሬ ጮኾ ተመስገን ያለ ሰው፣ ከእናቴ ወዲህ አንቺ ነሽ። ውሰጂኝ። እጽፍልሻለሁ።"

ይቅርብኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያስጻፈ አይሰነብትም ያሉት ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን አላልኩም። ቤቱን እፈልገው ነበር፤ ለዚያች ቀን ስንት ጊዜ ተስያለሁ።

በሳምንቱ ካዛንቺስ አካባቢ ካለ ጠበቃ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ምስክሮቹ ተቀመጡ፣ ጠበቃው ጮክ ብሎ አነበበ። "ከሞትኩ በኋላ" የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ እኔ ሰውነቴን በረደኝ፤ እሳቸው ግን እንደ ድሮ ሥራቸው የጽሑፉን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ያዳምጡ ነበር። ፈረሙ። ምስክሮቹም ፈረሙ። ጠበቃው አንዱን ኮፒ ሰጠኝ። ባለቤቴ ስደውልለት ስልኩ ውስጥ እልል አለ።

ወጥተን መንገድ ለመሻገር ቆምን። ካዛንቺስ አዲሱ መንገዷ ሰፍቷል፤ መኪናው ይበራል። የእማማን እጅ ያዝኩ። ቀላል እጅ ነው፣ አጥንቱ ሁሉ ይቆጠራል። የመጀመሪያው መኪና ሲያልፍ ወደ ኋላ ሳብኳቸው። ሁለተኛው ሲያልፍ እንደገና ሳብኳቸው።

"ኧረ ክንዴን ገነጠልሽው! ጻፍኩልሽ አይደል? ከእንግዲህ ምን ያስፈራሻል?"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሳቸው ኖሩም ሞቱም ቤቱ የእኔ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ሰዉ ሁሉ ተሻገረ፣ እኔ ግን አሁንም ግራ ቀኙን እያየሁ እጃቸውን አጥብቄ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።