አከራያችን ዘንድ የላክናቸው ሽማግሌዎች

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ሌሊት ‹‹ለስድስት ወር ነው›› እያልኩ ነበር ሻንጣዬን የዘጋሁት። ይኸው ስድስት ዓመት አለፈኝ። እስከ ሞያሌ በአውቶቡስ፣ ከድንበር ወዲህ ያለውን በረሃ በከብት መኪና አቋርጬ ናይሮቢ ገባሁ፤ አግብቼ ሁለት ልጆች ወለድኩ። የሐምሌ ብርዱ እንኳ እንደኛው ነው፤ ዝናቡ ግን የለውም።

ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር የተከራየናት ቤት ውሏ ‹‹ከአራት ሰው በላይ አይኖርባትም›› ይላል። እኛም አራት ነበርን። ከዚያ ዮናስ መጣ። እናቱ እማማ የሺ የአዲስ አበባ ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ‹‹ለአንድ ሳምንት›› ብሎ ሳሎን ተኛ፣ ስምንት ወር ሆነው። በምን አፌ ውጣ ልበለው?

አከራያችን ምዜ ካማው (‹ምዜ› እንደኛ ‹ጋሼ› ማለት ነው) ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እንደ አንዳንዱ አከራይ በር አይነቅሉም፣ ቁልፍ አይቀይሩም። ኖቲስ የሚሉትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላኩ፦ በሠላሳ ቀን ውስጥ ትርፉን ሰው አስወጡ፣ አለዚያ ፍርድ ቤት ከስሼ ቤቴን እረከባለሁ።

እኛም የምናውቀውን አደረግን፤ ከቤተ ክርስቲያን ሦስት አባቶች ለምነን ሽማግሌ ላክን። ምዜ የወተት ሻይ ጋበዟቸው፣ ስማቸውንም ጠይቀው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ታደሰ ‹‹ጥፋቷን አምናለች፤ ልጁ አምስተኛ ሰው መሆኑን እኛም አልካድንም። ስለ እኛ ሲሉ ይማሯት›› አሉ።

በሳምንቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ውሉ መጣሱን ያመኑ የሦስት ምስክሮች ስም ተያይዞበታል።

ሄድኩባቸው። ‹‹ምዜ፣ ሰዎቹ እኮ ሊያስታርቁን ነው የመጡት።››

‹‹መች ተጣላንና፣ ማማ? የፈረሰው ውል ነው›› አሉኝ በእርጋታ። ‹‹ለመሆኑ ሦስቱ ሽማግሌዎች የት ነው የሚያድሩት? እነሱም አንቺ ጋ እንዳይሆኑ።››

ደብዳቤውን አጥፌ ቤቴ ተመለስኩ።

ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ለዮናስ እንዲወጣ የነገርኩት እኔው ነኝ። ‹‹ገብቶኛል፣ እቴቴ›› አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ኢስትሊ ሰፈር፣ ስንት ሰው እንደሚያድር ማንም የማይቆጥርበት ክፍል ገባ። ፍራሹን ሲጠቀልል ቆሜ ለማየት አፈርኩና ማድ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ።

ዮናስ በወጣ በሳምንቱ እሁድ እማማ የሺ ከአዲስ አበባ ደወሉ።

‹‹ዮናስ ትናንት ደውሎልኝ ነበር›› አሉ። ‹‹‹እቴቴ አልጋዋን ለእኔ ለቃ ከልጆቿ ጋር ነው የምትተኛው› ቢለኝ አለቀስኩ። ምነው ልጄ፣ እንዲህ ለእሱ ብለሽ ትንገላቺ?››

‹‹ምንም አይደል፣ እማማ›› አልኳቸው።