ማርሽ የሚተፋው ካሚዮን

ልጅ እያለሁ፣ ያኔ በጣሊያን ጊዜ፣ የኮልፌ ቁልቁለት ለእኛ ለልጆቹ በሰባራ ቆርቆሮ እየተንሸራተትን ሱሪ የምንጨርስበት ነበር። ለአባዬ ግን ፍርድ ቤቱ ነው። መካኒክ ነበር፤ የጠገነውን መኪና እዚያ አውርዶ ሳያየው "ተሠራ" የሚል ቃል ካፉ አይወጣም።

ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ጣሊያን የጭነት ካሚዮኑን አመጣለት። የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ተበልቶ ማርሽ ይተፋል፤ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛው ማርሽ በራሱ ይወጣና መኪናው እንዳሻው ይንከባለላል። አባዬ ሦስት ቀን ሙሉ ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። ግቢያችን በሙሉ፣ ሽሮው ሳይቀር፣ ዘይት ዘይት ሸተተ። ሰውዬው መጥቶ ሰፈሩን ዞሮበት ሲመለስ ግን ምስጋና የለ፣ ምን የለ። "ማርሽ እንደገና ወጣ፣ አንተ አውቆ አበላሸ። ወታደር ይመጣል፣ አንተን ይወስዳል" አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ያኔ ወታደር የወሰደውን ሰው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ይኼ አልበቃው ብሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ "ልጅ አብሮ ይገባል!" ልጅ ሆኜ ነው እንጂ፣ ዛሬ ቢሆን መልሱን ባገኘ ነበር።

አባዬ ባዶ መኪና አይመሰክርም ብሎ ድንጋይ ጫነበት። እኔን በእሱና በጣሊያኑ መሃል አስቀመጠኝ፤ የማርሹ ዘንግ ጉልበቴ ሥር ነው። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ከአጥሩ ወዲያ ጮሁ፦

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩ አነሰህና ልጁን ትጨምራለህ?"

"ድንጋዩ አይናገርም እትዬ፤ የዚህ አፍ ግን አያርፍም። መኪናው ካስቸገረኝ እሱ ይነግርዎታል።"

እሳቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ሁለተኛ አስገባና እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። ሞተሩ አቃሰተ፤ ዘንጉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በቃ፣ ወጥቶ አባዬን ሊያስወስድብኝ ነው አልኩ። ቀስ ብዬ በጉልበቴ ደገፍኩት። ጣሊያኑ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። አባዬ ግን አየኝ።

"ጉልበትህን አንሳ።"

"አባዬ..."

"አንሳ አልኩህ! እኔ የጠገንኩት ካምቢዮ ነው፣ ያንተን ጉልበት አይደለም።"

አነሳሁ። እሱም እጁን ከዘንጉ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ማንም ሳይነካው ካልያዘ አልተጠገነም ማለት ነዋ! ያ ቁልቁለት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ታች ስንደርስ አባዬ መኪናው ሥር ተጋድሞ አየ፤ አንዲት ጠብታ ዘይት የለም። ሰውዬው መሪውን ጨበጠና ከነድንጋያችን ነድቶት ሄደ! እኛ ያን ሁሉ ዳገት በእርጥብ አፈር ሽታ ውስጥ በእግራችን ወጣን፤ አባዬ እስከ ቤት ድረስ እያፏጨ።

ዛሬ እኔም መካኒክ ነኝ። ቁልቁለቱ ግራና ቀኙ ቤት ሆኗል፤ ማርሹን ራሱ የሚቀያይር መኪናም መጥቷል። ባለቤቶቹ ቁልፋቸውን ይቀበሉና "አንተ ከሠራኸው ምን ሙከራ ያስፈልገዋል፣ እናምንሃለን" ይሉኛል። ደሜ ይፈላል። አባዬን የሚያምነው ስላልነበረ ሥራው ራሱ እንዲመሰክርለት አደረገ፤ እኔን ሳያዩ ያምኑኛል። እምነት እንዲህ ረከሰ? የመኪናውን በር እከፍትና "ይግቡ ጌታው፣ ቁልቁለቱን አብረን እንወርዳለን" እላለሁ። "ማርሽ ሲቀይር ገፍትሮ ወገብዎን ከነካዎ ይንገሩኝ፤ ካልተሰማዎት ያኔ ይመኑኝ።"