የምንይችል ፉጨት

ባሌ ምንይችል ሲያፏጭ ኮኪት ከተማ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። ሥራው ማሽላ መውቂያ ማሽን ላይ ነው። እሱ ማሽኑ አፍ ላይ ቆሞ ማሽላውን ያጎርሳል፤ ባልደረባው ደሴ ደግሞ ማሽኑን የሚያዞረው ትራክተር ላይ ይቀመጣል። በዚያ ጩኸት ሰው ተጣርቶ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ነገር ሲፈጠር ምንይችል ሁለት ጣቱን ከአፉ አግብቶ ያፏጫል፣ ደሴም ሞተሩን ያጠፋል። እኔ ዝናሽ ለሠራተኛው ወጥ የምሠራ ነኝ፤ ከማብሰያ ዳሱ ሆኜ ያን ፉጨት ስሰማ እሱ ደኅና መሆኑን አውቅ ነበር።

ዘንድሮ ፉጨቱ ቀጠነብኝ። የማሽላው ብናኝ ሲቦን ሰው ከሰው አያስለይም። ምንይችል ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ እየሳለ ይመጣና ወተት ይለኛል። «አቧራውን ያጥበዋል» ይላል፤ አዲስ ለመጣ ሠራተኛም የሚመክረው ይኸንኑ ነው። እዚህ ቆላ ወተት የማያጥበው ነገር የለም መሰለኝ።

ጎትቼ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ እስከዳር አክታውን አስመርምራ፣ «የሳንባ ነቀርሳ የለብዎትም። ሳንባዎን የጎዳው አቧራው ነው፤ ከማሽኑ ይራቁ» አለችው። የኔ ጌታ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነቀርሳ ነው ተብዬ ሰው ይሸሸኛል ብሎ ፈርቶ ኖሯል። በማግስቱ ማሽኑ ላይ ወጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ስለው፣ «ነፃ ነህ ተብያለሁ፤ ምን ትነዘንዢኛለሽ?» አለኝ። ነፃ ይለኛል! ተደግፎ ካልሆነ እንቅልፍ እንኳ የማይወስደው ሰውዬ።

ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ጆሮዬ ማሽኑ ጋ ነው። ጩኸቱ ሲበረታ እነሳለሁ፣ ሲቀንስም እነሳለሁ። ወጡ ሁለቴ አረረብኝ፤ ሠራተኛው አኩርፎ በላ።

አንድ ቀን ከሰዓት ውኃ ይዤላቸው ሄድኩ። ከምንይችል ጎን አንዱአምላክ የሚባል፣ በቅርቡ ከወሎ የመጣ ሠራተኛ ማሽላ ያቀብላል። አፉ ላይ የጠመጠመው ፎጣ ጫፉ ተፈታና የሚዞረው የማሽኑ ቀበቶ ያዘው። ምንይችል በአንድ እጁ ሰውየውን ወገቡን ይዞ ጣቶቹን ከአፉ አገባ። ጉንጩ ተነፋ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ደግሞ ሞከረ፤ ሳል አጎነበሰው። ደሴ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ጀሪካኔን ጥዬ ሮጥኩና የደሴን እግር ይዤ ጎተትኩ። ሞተሩ ጠፋ። አንዱአምላክ አንገቱ ተልጦ ተረፈ።

«የሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር» አለኝ ምንይችል ዳሱ ገብቶ።

«ያንተስ ነፍስ?» አልኩት።

ጠዋት ባለ እርሻውን ጋሽ የሺዋስን፣ «ትንፋሽ የሌለው ሰው እዚያ አይቆምም» ብሏቸው ከማሽኑ ወረደ። የተወቃውን እህል እንዲጠብቅ አደረጉት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ አለቀስኩም። በቦታው አንዱአምላክ ገባ። ሲያፏጭ ሰማነው፤ ጥሩ ፉጨት ነው። ምንይችል አጠገቤ ተቀምጦ ጣቶቹን አየ።

አመሻሹ ላይ አንዱአምላክ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ መጣ።

«እታለም፣ ወተት አለ? አቧራውን ያጥባል።»

ምንይችል ብድግ አለ። «ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

አንዱአምላክ ግራ ገብቶት አየው። «አንተ ነሃ» አለው።