ፎቅ በፎቅ ሚሞሪ

ቀስ በቀስ የሚለው ስም የወጣላት ከገዛ አፏ ነው። ጌም ማጫወቻ ይዞ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሲያጣድፋት «ቀስ በቀስ ነው፤ የቸኮለ እጅ ደህናውንም ይሰብራል» ትላለች። ዛሬ በሌላ ስም የሚጠራት ያለ አይመስለኝም። ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሠራሉ፤ እሱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጌም የሚከማችበትን ዲስክ ይቀይራል፣ እሷ ከውስጥ ቦርድ ትጠግናለች።

ትምህርቷን ያቋረጠችው እናታቸውን ለማስታመም ነበር። ስለቀረባት አታወራም፤ ስላገኘችው ታወራለች። ወንድሟ ሱቁን ሲከፍት ልትጠርግለት ገባች። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ የተፈታውን ማሽን ቁጭ ብላ ስታይ ትቆይ ነበር። ከዚያ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች የእንግሊዝኛ የጥገና ጽሑፍ አነበበች፤ በተጣለ ቦርድ ላይ ስትነቅልና ስትተክል ከረመች። አሁን የማሽኑ አንጎል በሆነው ፕሮሰሰር ዙሪያ ከተደረደሩት የሚሞሪ ቺፖች መካከል የታመመውን ለይታ በሙቅ አየር ታነሳዋለች፤ በቦታው ደህናውን ታስቀምጣለች። አየሩን ከማብራቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ደንበኛ «ምን እያልሽ ነው?» ካላት፣ «አምላኬን እጄን ያዝልኝ እያልኩት ነዋ» ትላለች።

አንድ ጠዋት ወንድሟ ስልኩን ይዞ ፊቱን አጨፍግጎ ጠበቃት።

«አለቀልን!» አላት። «ወደፊት የሚመጡት ጌም ማጫወቻዎች ሚሞሪያቸው ፎቅ በፎቅ ይሆናል አሉ። እየደራረቡት!»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ።»

«አንብበሽ ዝም? ከእንግዲህ ማን 'ሚሞሪ ሞላብኝ' ብሎ ይመጣል? ለማን ነው ዲስክ የምቀይረው? ክፍሉን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ልለቅለት ነው። ሁለተኛ የስፌት መኪና የሚያስቀምጥበት አጥቷል። ከምሳ በፊት መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።»

እሷ ሌላ የምትሠራበት ቦታ የላትም። ሆኖም አልጮኸችም፤ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንተ የምትቀይረው ሚሞሪ ሌላ፣ ፎቅ የሚሆነው ሚሞሪ ሌላ።»

«ሚሞሪ ሚሞሪ ነው!»

«ያሳሳተህ ስሙ ነው። ሁለቱንም ሚሞሪ እያልን ጠርተን ሰዉንም አሳከርነው። ያንተ ዕቃ ቤቱ ነው፤ ጌሙ የሚቀመጥበት። ይሄኛው የሥራ ጠረጴዛው ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ ባዶውን ይቀራል።»

ከመሳቢያዋ የሞቱ ቺፖች አወጣችና አንዱን በአንዱ ላይ ደረደረች።

«ዛሬ እነዚህ ምድር ላይ ተበታትነው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ነገ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብረው ታሽገው ፎቅ ላይ ይወጣሉ። በመሃላቸው እንደ ሊፍት ቀጥ ብለው የሚወጡ፣ ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉ። መንገዱ ያጥራል፣ ብዙ መረጃ በአንዴ ያልፋል፣ ለማመላለስ የሚፈጀው ኃይልም ይቀንሳል። ዕቃ ቤቱን ግን አያሰፋውም። ጌሞቹ እየገዘፉ ነው፤ 'ሞላብኝ' ባዩ ቢበዛ እንጂ አያንስም።»

ወንድሟ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። የእሷን ጠረጴዛ አየ።

«ቆይ እስቲ። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ከታሸገ፣ አንዱ ፎቅ ቢታመም ነቅለሽ ትቀይሪዋለሽ?»

«አልችልም። በእኔ ዕቃ አይነካም።»

«ታዲያ ጉዱ ያንቺ ነዋ! እኔን ታጽናኚያለሽ እንዴ? ሟች ለቀስተኛ ሲያጽናና ዛሬ አየሁ!»

«ገና መች ሞትኩ?» አለችው እየሳቀች። «አዲስ መጣ ተብሎ በየቤቱ ያለው ማሽን በአንድ ጀምበር አይጣልም። ደግሞ የተደራረበ ነገር ይሞቃል። አንተ ሹራብ ላይ ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት ደርበህ ስትሮጥ እንዴት ነው የምትሆነው? መሃል ፎቅ ላይ ያለውም ሙቀት መውጫ ይቸግረዋል። ማራገቢያው አቧራ ከያዘ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ከደረቀ፣ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ያን የሚለካና የሚያጸዳ ሰው ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ ሙቀት ሳስገባ ኖርኩ፤ አሁን ማስወጣቱን እማራለሁ። ያንን የገለጸልኝ አምላክ ይሄን አይነፍገኝም።»

ይህን ብላ እንደጨረሰች ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመ።

«እህሳ ጎረቤት፣ መኪናዬን ላምጣ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ ጎረቤት፤ ክፍሉን አልለቅም» አለው ወንድሟ።

«ጠዋት 'አለቀልን' ስትል አልነበር?»

«ጠዋትማ ሚሞሪ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

«እኔ ዛሬም አላውቅ። ስልኬ ሚሞሪ ሞላ እያለ ይነዘንዘኛል።»

«የትኛው ሚሞሪ?» አሉት እህትና ወንድም በአንድ አፍ። ሰውየው ግራ ገብቶት ስልኩን ሰጥቷቸው ሄደ።

እሱ ሲወጣ ወንድሟ የዲስኮቹን መደርደሪያ እያቃሰተ ወደ በሩ ሳበው። የእሱ መቀመጫ ጠበበ፤ ከእሷ ጠረጴዛ አጠገብ ግን ጥሩ ክፍት ቦታ ተገኘ።

«የማስወጣቱ ትምህርት እዚህ ይሁን» አላት። «በይ፣ አቧራ ከጠጡት ማራገቢያዎች አንዱን አምጪና ለእኔም አሳዪኝ።»