የሼህ ዩሱፍ ወላሂ

"ሕግ የሚያከብር ሰው ነጻ ነው" አለ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ።

እውነቱን ነው። እኔም በጃንሆይ ጊዜ፣ ሐኪም ጋራ የሚባል ተራራ ላይ፣ በእሾህ አጥር ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሕግ አክብሬያለሁ።

የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠፍታ መንደሩ በሙሉ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሌባው ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ባሏ የሞተባት እታለምም ተጠርታ ነበር። የሁለት ወር ልጇ ከአጥሩ ማዶ፣ ከቤቷ ሲያለቅስ ሁላችንም እንሰማለን።

"ጌታዬ፣ አጥብቼው ልመለስ።"

"ሌባውን ንገሪኝና አጥቢ!" አሏት ጭቃ ሹሙ።

በሁለተኛው ቀን ልጁ ዝም አለ።

ይሄኔ ገበያ ላይ እንኳ "ወላሂ" ብለው የማያውቁት ጎረቤታችን ሼህ ዩሱፍ ተነሡ። "ወላሂ፣ በቅሎዋን የሰረቅሁ እኔ ነኝ።"

(ሼሁ በቅሎ ይፈራሉ፤ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይለቁላት ነበር። ይህን እያወቅን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።)

አጥሩ ተከፈተ፤ እታለም ሮጠች። ልጁ ጠባ።

ልክ አደረጉ ትላላችሁ? እናንተስ ሐሰት መሆኑን እያወቃችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

በነገራችን ላይ፣ በቅሎዋ በማግስቱ ብቻዋን መጣች። ሼህ ዩሱፍ በሐሰት ስለማሉ ስድስት ወር ታሰሩ።