ሦስት ሰዓት ላይ የቆመው ብሎን

ያረጀ የጭነት መኪና ሞተር ጉልበት ቢጨመርለት ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? አምቦ ውስጥ ይህን ያልጠየቅኩት ሹፌር የለም። የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ አንድ ጥያቄ ከያዘኝ አይለቀኝም። አንዱ «ሁለት ክረምት ቢቆይ ነው» ይለኛል፣ ሌላው «እንደ ሹፌሩ እግር ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «አንቺን ምን አገባሽ?» ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ያገባኝ ነበር እንጂ። ሞተሩ የአባቴ መኪና ሞተር ነው።

የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሁለት ጊዜ ዞሮ ዜሮ ከገባ በኋላ በሦስተኛው ሰልችቶት ቆሟል። አባቴ በሷ ከባኮ በቆሎ፣ ጎጆ ከምትባለው ደጋ ከተማ ድንች ያመላልሳል። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። የጎጆን አቀበት ስትጀምር ግን በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ ነው። አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ስንወጣ፣ አህያ የሚነዱ አንዲት ሴትዮ በመስኮቱ በኩል «አካም ጅርቱ» ብለውን፣ ጤናችንን ጠይቀው፣ የዝናቡን ነገር አንስተው፣ ወሬያቸውን ጨርሰው ነው ቀድመውን የሄዱት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ አልሳቀም።

በደርግ ጊዜ መኪና ጭነት የሚያገኘው በስምሪት ተራ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ሙሉ ጭነት ይዛ አቀበት መውጣት ያቃታት መኪና ከተራ ትሰረዛለች የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው እውነት ሆነ። አባቴ ስልሳን አልፏል። ከዚህች መኪና ከወረደ ሌላ መሪ የሚያስጨብጠው እንደሌለ እሱም እኔም እናውቃለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ በቀን ብርሃን ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። መንዳቱን ቢያጣ ምን እንደሚውጠው እንጃ።

ስለዚህ ባኮ ወዳለ አንድ ወዳጁ መካኒክ ሄደ። ሰውየው የትራክተር ሞተር በጆሮው ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ነው። ናፍጣውን ለሞተሩ የሚያደርሰው ፖምፓ ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለችው። የናፍጣውን ልክ የምትወስነው እሷ ናት፤ ማንም እንዳይነካት በእርሳስ ማኅተም ትታሸጋለች። ማኅተሙ ተቆርጦ ብሎኗ ወደ ቀኝ ስትዞር ናፍጣው ይጨምራል፤ ጉልበቱም ሙቀቱም አብረው ይጨምራሉ። የሚቀንሰው ዕድሜው ነው።

አባቴ ሲደርስ መካኒኩ ወባ ጥሎት ብርድ ልብስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። መነሳት ስላልቻለ በቃሉ ነገረው። አባቴም እንዳይረሳው መንገዱን ሙሉ እየደጋገመ ይዞልኝ መጣ። «የብሎኗ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ታገኚዋለሽ። ወደ ቀኝ አዙሪና ሦስት ሰዓት ላይ አቁሚ። ሦስት ሰዓትን እንዳታልፊ ብሏል።» አባቴ ቅርቡ አይታየውም፤ ጣቱም ወፍራም ነው። የኔ ቀጭን እጅ ግን በፖምፓውና በሞተሩ መሃል ይገባል።

እሑድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ማኅተሙን በፒንሳ ቆረጥኩ። ካቻቢቴውን ከመጫኔ በፊት ሰዓቴን ተመለከትኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ትንሿ ዘንግ የት ትቆማለች? በግራ በኩል ነዋ። ስለዚህ አዞርኩ፤ በቀኝ በኩል አለፍኩ፣ ታች ደረስኩ፣ ወደ ግራ ወጣሁና አቆምኩ። ስንጥቁ አግድም ተኛ። «ሦስት ሰዓት ሆኗል» አልኩት። «ተባረኪ» አለኝ።

ሞተሩ ነፍስ ዘራ። የጎጆን አቀበት በሙሉ ጭነት በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። የስምሪቱን የአቀበት ፈተና ያለፈ ቀን አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ እንደ ሙሽራ ለብሶ ቤት ገባ። ጭሱ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር፤ «ሲጠግብ ነው የሚያገሳው» ይል ነበር። እኔም ከእያንዳንዱ ምልልስ በኋላ ዘይቱ ምን ያህል እንደጎደለ እያየሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ዘይት መብላቱ በየሳምንቱ እየጨመረ ሄደ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አለመግባቱ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከሁለት ወር በኋላ መካኒኩ ከወባው አገገመና አምቦ ፍልውሃ ሊታጠብ መጣ። አባቴ ኮፈኑን ከፈተለት። በባትሪ አጎንብሶ አየና «ስንጥቁ አግድም ነው፣ ልክ ነው። በደንብ ከተያዘ ሦስት ክረምት ይሄዳል» አለ። ደብተሬን ሳሳየው ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄን ያህል ዘይት መብላት አልነበረበትም» አለና አባቴ ዕቃውን ሊመልስ ሲሄድ ወደ እኔ ዞረ።

«ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ነው? አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ።»

«አራት ተኩል» ብዬ እጄን ዘረጋሁለት።

ሰዓቴን አየና «ይሄ አሥር ተኩል ነው የሚለው» አለኝ።

«በፈረንጅ ነው የሞላሁት። በአበሻ ነው የማነበው።»

«ምን አለፋሽ፣ እንደኔ በአበሻ ሞልተሽ በአበሻ አታነቢም?» ብሎ እየሳቀ ሄደ። እኔ ሰዓቴን እንደገና አየሁ። የሱ ሦስት ሰዓት ሦስት ቁጥር ላይ፣ በቀኝ ነው፤ ሩብ ዙር። የኔ ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ቁጥር ላይ፣ በግራ ነው፤ ሦስት ሩብ ዙር። ስንጥቁ በሁለቱም አግድም ስለሚተኛ፣ አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሮጬ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ልደርስበት እችል ነበር። ብሎኗን በግማሽ ዙር መመለስም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከተመለሰ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አባቴም ከተራ ሊሰረዝ ይችላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ስናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሦስት ክረምት የተባለው ለሩብ ዙር ነው፤ ለሦስት ሩብስ ስንት ይሆን? ማንም ሞክሮት አያውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማወቅ ፈለግሁ። በየሳምንቱ ዛሬ ልናገር እላለሁ፤ በየሳምንቱ ደብተሬን አወጣለሁ።

ክረምቱ ተመልሶ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ፣ ሞተሩ ጎጆ አቀበት መሃል ላይ ድንች እንደጫነ ፈነዳ። አባቴ ምንም አልሆነም። በዚያ ብርድ ሁለት ቀን ጭነቱን ሲጠብቅ ሰንብቶ፣ በሌላ ሰው መኪና ተጭኖ መጣ። ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «እግሬ ነው የገደለው። ሸምግዬ እንደ ጎረምሳ ረገጥኩት።»

መኪናዋ ተጎትታ ግቢያችን ስትገባ መካኒኩ ከባኮ መጥቶ ሞተሩን ፈታው። ከፒስቶኖቹ አንዱ አናቱ ቀልጦ ተበስቷል። አባቴ አውራ ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ ያያል። «ስግብግብነቴ ነው» አለ። ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። ሰዓቴን ፈትቼ ፒስቶኑ አጠገብ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብሎኗን የት እንዳቆምኩ፣ መቼ እንደገባኝ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ።

መካኒኩ «ያ ዋቅ» ብሎ አምላኩን ጠርቶ ቀና አለ። አባቴ አውራ ጣቱን ከቀዳዳው አወጣ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሩብ ዙር እንዲህ አይጎትትም። ግን ደስ ብሎኝ ነበርና ዝም አልኩ።»

ሰዓቴን አነሳ። በዚያ ዘይት በነካው ወፍራም ጣቱ መሙያውን ስቦ፣ ዘንጎቹን በዝግታ ስድስት ሰዓት አዞራቸውና መለሰልኝ። «ይኸውልሽ ልጄ። እንዲህ ነው» አለኝ።

መልሱ ደብተሬ ላይ አለ። ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን። ከኔ በስተቀር የሚያውቀው የለም፤ የጠየቀኝም የለም። አባቴ ሌላ መኪና አልነዳም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ገና በሩን ስከፍት «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይለኛል። ሰዓቴን አይቼ፣ ያየሁትን እነግረዋለሁ።